ሲቀዘቅዝ ስንት፣ ሲሞቅ ስንት

ደብዳቤ ከመላኬ በፊት በዚህ ደብተር መገልበጥ የቆየ ልማዴ ነው። የሚመጣልኝንም እዚሁ እለጥፋለሁ። ከዘንድሮ ጥቅምት ወዲህ ግን አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ከየደብዳቤው ሥር ሳልጽፍ ያስቀረሁትን አሰፍራለሁ።

ጥቅምት 8

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ጤናሽ እኔ እንደምመኝልሽ ይሁን፤ እጅሽንም ከክሪክና ከመፍቻ ይጠብቅልሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን አሟት ነበር፤ አሁን ደረጃውን ያለ ደጋፊ ትወጣለች፣ ስትወርድ ግን አሁንም ደረጃውን የሠራውን ሰው ትሳደባለች። ሳሚልኝ ብላለች።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በሰኔ በኮንቴይነር ከላክሽልኝ ያገለገሉ ጎማዎች መካከል ለአራቱ ሰፋፊዎች ገዢ ተገኘላቸው። እንዳልሽውም ጥርሳቸው አልተነካም፤ ከግድግዳው ጋር ሳቆማቸው አላፊ አግዳሚው አዲስ መስሎት ይዳስሳቸው ነበር። የገዛቻቸው የጥርስ ሐኪም ናት። ክሊኒኳ ከሱቄ ሦስት በር ዝቅ ብሎ ፎቁ ላይ ነው። ባለ ሁለት በር፣ መሬት ልትነካ ምንም ያልቀራት፣ ስትነሳ የሱቄን መስታወት የምታንቀጠቅጥ መኪና ገዝታለች። በሥራ ቀን በእግሯ ነው የምትመጣው፤ መኪናዋ የምትወጣው እሁድ ጠዋት ብቻ ነው። “ስድስት ቀን ሰው አፍ ላይ አጎንብሼ እውላለሁ፤ በሰባተኛው ቀና ብዬ ልንዳ እንጂ” ትላለች።

ያስቸገረን ንፋሱ ነው። በበሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ቁጥር መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ለነበራት ጎማ ነው፤ ያንቺዎቹ ከዚያ ይሰፋሉ። እኔ በለመድኩት ሞላሁላት። ሁለት እሁድ ነድታ መጥታ “ከጡብ ፋብሪካው በላይ ያለው ኩርባ ላይ ኋላዋ ይሸሸኛል” አለችኝ። ጨመርኩላት፣ ባሰ። ቀነስኩላት፣ “መሪው ከበደኝ” አለች። የሚኒባስና የጭነት መኪና ንፋስ ጎማውን በእግሬ ረገጥ አድርጌ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ፈጣን መኪና ግን እጄ ገብቶ አያውቅም። አንቺ የእሽቅድምድም መኪና ጎማ አዘጋጂ ነሽና ትክክለኛውን ቁጥር ላኪልኝ። በስልክ አትንገሪኝ። ኮምፕረሰሩ ጆሮዬን ስለጨረሰው ሠላሳና አርባ አይለይልኝም። በወረቀት ይሁን።

አጎትሽ

ያስቀረሁት፦ ጎማ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት በአራት ቁጥር ጎኑ ላይ ይታተማል፤ በአንደኛው ጎን ብቻ። ኮንቴይነሩ የተራገፈ ዕለት አነበብኩት። አራቱም ዘጠኝ ዓመት አልፏቸዋል። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ መንገድ መያዝ ይተዋል። ቸርኬው ላይ ስገጥማቸው ቁጥር ያለበትን ጎን ወደ ውስጥ አዞርኩት። ሐኪሟ “ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል?” ብላ ጠይቃኝ ነበር። “ጥርሳቸውን ይመልከቱት” አልኳት። “እሱንማ ለእኔ ይተዉት፤ ጥርስ አይቼ ዕድሜ የምናገረው እኔ ነኝ” ብላ ሳቀች። ጎንበስ ብላ አየች፣ ገዛች።

ጥቅምት 27

ለተከበሩ አጎቴ፣

ለእርስዎም ለእማዬም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ሱቅዎ ገበያ አይጉደልበት። እማዬ ደረጃ ስትወርድ መሳደቧን ሳነብ በእርግጥ እንደተሻላት አመንኩ።

እዚህ ብርዱ ገብቷል። የምንሠራው ከመሮጫው መንገድ አጠገብ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ጎማዎቹ ከውድድር በፊት ብርድ ልብስ የሚመስል ማሞቂያ ይለብሳሉ፤ እኛ እንንቀጠቀጣለን። አለቃችን “ጎማው ከታመመ ውድድሩ ይቀራል፣ አንቺ ከታመምሽ ሌላ ሰው ይመጣል” ይለኛል። ይቀልዳል፤ ግን አይዋሽም።

ጋሼ፣ የንፋሱን ነገር አንድ ቁጥር ጽፌ ልልክልዎ አልችልም፤ ቁጥሩ ሁለት ነው። ሲቀዘቅዝ ስንት፣ ሲሞቅ ስንት። ጎማ ሲሽከረከር ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው ንፋስም ይበረታል። ትክክል መሆን ያለበት ኩርባው ላይ የሚኖረው ነው፤ የምንሞላው ግን መኪናዋ ቆማ ሳለች ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው ተነስተን ወደ መጀመሪያው እንፈልገዋለን።

እንዲህ ያድርጉ። መኪናዋ ቆማ ካደረች በኋላ፣ ፀሐይ ሳይነካት፣ ፊቱን ሠላሳ ሁለት፣ ኋላውን ሠላሳ አራት ይሙሉ። ጥርሱ አልቆ ጎኑ በሚጀምርበት ትከሻ ላይ በጠመኔ ሦስት ቦታ ያስምሩ። ሃያ ደቂቃ እንደ ልማዷ ትንዳ። ስትመለስ ሳይውል ሳያድር፣ ሞተሩ እንኳ ሳይጠፋ ይለኩ። አራት ወይም አምስት መጨመር አለበት። ጠመኔው እስከ ትከሻው ጫፍ ከተፋቀ ልክ ነው። ወደ ጎኑ ወርዶ ከተፋቀ ንፋሱ አንሷል፤ ጭራሽ ካልተነካ በዝቷል። መዳፍዎንም ጥርሱ ላይ ያሳርፉ፤ መሃሉ ከዳርና ዳሩ በልጦ ከሞቀ አሁንም በዝቷል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። ሞቆ ሳለ አያስተንፍሱት። ሚኒባሶቹ ከሩቅ መንገድ ሲገቡ “ወጥሯል” ብለው ሲያስተነፍሱላቸው አይቻለሁ። ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ነው የሚያድረው።

ሲመልሱልኝ እነዚህን ይጻፉልኝ፦ የመኪናዋ ክብደት ስንት ነው? የፊቱና የኋላው ጎማ ስፋት እኩል ነው? መለኪያዎ ከመቼ ጀምሮ ያለ ነው? አስፋልቱ ሻካራ ነው ወይስ ለስላሳ? ብቻዋን ነው የምትነዳው? ቸርኬው የራሷ ነው ወይስ የተለወጠ? ቫልቮቹን ቀይረዋል?

ልጅዎ

በዚህ ላይ የምለው፦ ሰባት ጥያቄ ጠየቀችኝ። ጎማ የሚያውቅ ሰው “ይንሸራተታል” ሲሉት አስቀድሞ የሚጠይቀው ዕድሜውን ነው። ስለ ቫልቩ እንኳ ጠይቃለች፣ ስለ ዕድሜው ግን አልጠየቀችም። አራቱን ቁጥር ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ገና አፏን ሳትፈታ ጀምሮ እዚህ ሱቅ ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጣ ነው ያደገችው። ጭነቱን ስትልክም “ጥርሳቸው አልተነካም” ብላ ጽፋ አበቃች። ታውቃለች። እንዳወቅሁባት ግን አታውቅም።

ኅዳር 14

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ብርዱን የሚያስረሳ ሙቅ ልብስና ቀና አለቃ ይስጥሽ። እናትሽ ደህና ናት፤ ለጉልበቷ የታዘዘላትን ቅባት ለጎረቤት እያደለች ነው።

ያልሽኝን ሁሉ አደረግሁ። መጀመሪያ ሦስቱን መለኪያዎቼን በአንድ ጎማ ላይ ሞከርኳቸው። አንዱ ሠላሳ፣ አንዱ ሠላሳ ሦስት፣ የኮምፕረሰሩ ደግሞ ሃያ ስምንት ተኩል አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትኛውን አምኜ እንደሠራሁ ራሴም አላውቅም። ሁለቱ የሚቀራረቡበትን ይዤ እሁድ ማለዳ ሐኪሟ ቤት ሄድኩ። ግቢዋ ውስጥ በነጠላ ጫማ ቆማ ሻይ ትጠጣ ነበር።

“አባ ንፋስ፣ ጠመኔው ምንድን ነው? ጎማዬን ትምህርት ቤት ሊያስገቡት ነው?” አለችኝ።

“ፈተና ላይ ነው። ውጤቱን ይዘው ይምጡ” አልኳት።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ነድታ ተመለሰች። ሞተሩ ሳይጠፋ ለካሁ። ፊቱ ሠላሳ አራት፣ ኋላው ሠላሳ ስድስት። ሁለት ብቻ ነው የጨመረው። ጠመኔው አልተነካም ማለት ይቻላል። በመዳፌ ስዳስሰው ለብ ብሏል እንጂ አልሞቀም። በሚቀጥለው እሁድ ሁለት ሁለት ቀነስኩ። ጠመኔው ወደ ጎኑ ወርዶ ተፋቀ፤ ኩርባው ላይ ግን ያው ነው። ሲበዛ ይሸሻል፣ ሲያንስ እየተጣጠፈ ይሸሻል። በመሃል ያለውንም ሞከርኩ፤ ለውጥ የለውም።

ሐኪሟ ከመኪናዋ ወርዳ በሩን እንደያዘች ቆመች። “ምናልባት መንዳት የማልችለው እኔ ነኝ” አለችኝ።

“ኧረ ዶክተር” አልኳት።

“አይ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አልቀየምም።”

“ንፋሱ ነው። እናገኘዋለን” አልኳት።

ለጥያቄዎችሽ፦ ክብደቷ አንድ ቶን ተኩል ነው። ኋላው ከፊቱ ይሰፋል። አስፋልቱ እንደ ልሙጥ ድንጋይ የተላገ ነው። ቸርኬው የራሷ ነው። ቫልቮቹን ቀይሬአለሁ። እስካሁን የምትነዳው ብቻዋን ነው፤ ነገር ግን ጥር 14 ቀን በድሮው የአውሮፕላን መንደርደሪያ ላይ ፈጣን መኪና ያላቸው ሰዎች ተሰብስበው ሊነዱ ነው፣ እሷም ተመዝግባለች። ቀጥታው ላይ በሰዓት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ልታስገባት ነው ሐሳቧ። የክሊኒኩን ነርስ አጠገቧ ልታስቀምጥ ቃል ገብታላታለች። ስለዚህ እስከዚያ ትክክለኛው ቁጥር ያስፈልገኛል። ከተቻለም አንድ የሚታመን መለኪያ ላኪልኝ።

አጎትሽ

ያስቀረሁት፦ “ንፋሱ ነው” ያልኳት ውሸት ነው። የደረቀ ላስቲክ አይሞቅም፤ ስለዚህ ነው ሁለት ብቻ የጨመረው። ይህን ለማወቅ መጋዘን ውስጥ መሥራት አያስፈልግም። ጎማ ስሸጥ ዝም ማለት አዲስ ነገር አይደለም፣ ገበያው ሁሉ የሚያደርገው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሐኪሟ በራሷ አነዳድ መጠራጠር ስትጀምር ዝም ያልኩት ግን ከየትኛው ገበያ የተማርኩት እንደሆነ አላውቅም።

ታኅሣሥ 10

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ፤ የእማዬ ጉልበት ጨርሶ ይዳንልኝ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

መለኪያውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬአለሁ። በየወሩ የምናስፈትሸው ነው፤ ሌሎቹን ይጣሏቸው። ፊቱን ሠላሳ አንድ፣ ኋላውን ሠላሳ ሦስት ያድርጉት። ከዚህ የተሻለ አልመጣልኝም።

በጎኑና በጥርሱ መሃል፣ በጥርሶቹም ሥር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል? ፀሐይ ላይ አውጥተው በጣትዎ ገፋ እያደረጉ ይዩት።

ሌላም ነገር አለ። ለዚያች መኪና ልክ የሚሆኑ አራት አዲስ ጎማዎች አግኝቻለሁ። ከእኔ ይሁንልዎ፣ ምንም አይላኩልኝ። ኮንቴይነሩ የሚነሳው ግን በየካቲት ነው። እስከዚያ መኪናዋ ብትቆም ምን ይላሉ? ሐኪሟ የመንደርደሪያውን ቀን ለሚቀጥለው ጊዜ ብታስተላልፈውስ? አየሩም ሊበላሽ ይችላል።

ልጅዎ

በዚህ ላይ የምለው፦ ከወር በላይ ጠብቄ የመጣልኝ ደብዳቤ ይሄ ነው። ሳልጠይቃት አራት አዲስ ጎማ ሰጠችኝ። እዚያ ሆና የእኛ ሰማይ ሊዘንብ ነው አለችኝ። ጥር ላይ እዚህ ዘንቦ እንደማያውቅ ረስታው አይደለም።

ጎማዎቹን ፀሐይ ላይ አየኋቸው። ስንጥቁ አለ። በአራቱም ላይ አለ።

ታኅሣሥ 22

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

መለኪያው በደህና ደርሶኛል፤ የላከች እጅ አትድከም። እናትሽ “ስለ ሥራዋ ብቻ ነው የምትጽፈው፣ ምን እንደምትበላ ጠይቅልኝ” ብላኛለች፤ ጠይቄአለሁ።

ጎኑን አይቼዋለሁ፤ ያበራል። ሐኪሟ ቀኑን አታስተላልፍም፤ ነርሷ ለእናቷ ሳይቀር ነግራለች። ለአዲሶቹ ጎማዎች አመሰግናለሁ፣ የካቲት ግን ሩቅ ነው። ለመንደርደሪያው የሚሆነውን፣ ለሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ሁለት ሰው ተጭኖ፣ ሲቀዘቅዝ ስንት ሲሞቅ ስንት እንደሆነ ጽፈሽ ላኪልኝ። ከጥር 14 በፊት ይድረሰኝ።

አጎትሽ

ያስቀረሁት፦ “ያበራል” ያልኩት እውነት ነው። ጥቁሩን የጎማ ቅባት በጨርቅ ሁለት ጊዜ ቀብቼው ነው። ስንጥቁ ተደፈነ። “ስንጥቅ የለም” ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እንቢ አለኝ፤ ቅባቱን ሲቀባ ግን እንቢ አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ሐኪሟ በሱቄ ስታልፍ ሰላም ስትለኝ ሥራ የያዝኩ እመስላለሁ። የሌለ ቁጥር ከልጅቷ እየለመንኩ ያለሁት ቁጥሩን እሷ ጽፋው ቢሳሳት ጥፋቱ የእሷ እንዲሆን ነው። ይሄን ካልጻፍኩ ደብተሩ ለምን ይጠቅመኛል?

ጥር 3

ለጋሼ፣

ደህና ይሁኑልኝ። ሰላምታዬን አሳጥሬአለሁና ይቅር ይበሉኝ።

ቁጥር የለኝም። የዘጠኝ ዓመት ጎማ በሁለት መቶ ፍጥነት ቁጥር የለውም።

እነዚያ አራት ጎማዎች አንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት ካቆማት መኪና የወለቁ ናቸው። ሊቆራረጡ በተከመሩት መካከል ነበሩ። በየጎናቸው በቢጫ ቀለም ተሰርዞባቸዋል፤ ማንም እንዳይጠቀምባቸው። ቀለሙን በቤንዚን አሽቼ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ “ሰፋፊ ላኪልኝ” ብለው ጽፈውልኝ ነበር፤ “አላገኘሁም” ብዬ መመለስ አሳፈረኝ። “እዚያ ደግሞ እንዲህ የሚሮጥ ማን አለ? ለማሳያ የቆመ መኪና ላይ ይገጥማቸው ይሆናል” አልኩ። እንዲህ ነው ያሰብኩት፣ ጋሼ።

ከዚያ መኪናዋ ትሸሻለች ብለው ጻፉልኝ። ሰባት ጥያቄ ጠየቅሁዎ፤ ስምንተኛውን እርስዎ ሳይጠየቁ ቢነግሩኝ ብዬ ነበር። አልነገሩኝም። አላየውም ይሆን ብዬ ደግሞ ራሴን ሸነገልኩ። እርስዎ ሳያነቡ ጎማ ገጥመው አያውቁም። ጎኑ ያበራል ሲሉኝ ቅባቱ ሸተተኝ።

ባለፈው ወር እዚህ አንድ ሰው በአሮጌ ጎማ ገባ። ከልክለነው ነበር፣ እንቢ ብሎ ነው። ቀጥታው ላይ ጥርሱ ከነቆዳው ተገፎ የመኪናውን ጎን ቀደደው። ሰውየው ወርዶ በእግሩ ሄደ። መንገዱ ሰፊ ስለነበረና ዳሩ አሸዋ ስለነበረ ነው እንጂ በነጂነቱ አይደለም የተረፈው። ደብዳቤ ያዘገየሁብዎ ያን ሳምንት ነው፤ ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም።

በእኔ ያመካኙ። “የእህቴ ልጅ አታለለችኝ” ይበሏት። እውነትም ነው። ጎማውን ብቻ ያውርዱልኝ።

ልጅዎ

በዚህ ላይ የምለው፦ ደብዳቤው የደረሰኝ ጥር 12 ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ሳነብ “በእኔ ያመካኙ” የሚለው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየሁ።

ጥር 17

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ሐሳብሽን የሚያሳርፍ ዜና ይቅደም፦ ሐኪሟ አልሄደችም። መኪናዋም ሰዎቹም ደህና ናቸው። አሁን የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርሽ፤ ቅደም ተከተሉ ለእኔ ዋና ነገር ነው።

ጥር 13 ጠዋት ቤቷ ሄድኩ። መኪናዋን አጥባ ጨርሳለች። ነርሷም የነገውን ለማየት መጥታ ከፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ቀበቶውን ትሞክራለች።

“አባ ንፋስ፣ ቁጥሩ መጣ?” አለችኝ።

“ዶክተር፣ መኪናዋ ነገ አትሄድም። ጎማዎቹ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የላከችልኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ደብዳቤዋ የደረሰኝ ትናንት ነው።”

“እስከ ትናንት ለእርስዎም አልነገረችዎትም?”

“አልነገረችኝም” አልኩ።

ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። “አይዞዎት። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር” አለችኝ። ነርሷም ከመኪናው ውስጥ “እንዲህ ዓይነት ነጋዴ አለ እንዴ?” አለች። እኔም ቆሜ ምስጋናውን ተቀበልኩ። ይህን ሁሉ ያልኩት እንዳመካኝብሽ ስለፈቀድሽልኝ ነው። ፈቃድሽን ተጠቀምኩበት።

ከዚያ “ቁጥሩ የት ነው ያለው?” አለችኝ።

“ወደ ውስጥ ነው፤ ካልወለቀ አይታይም።”

ቤት ገብታ በሰው አፍ ውስጥ የምታይባትን ባለ እጀታዋን ትንሽ መስታወት ይዛ ወጣች። ማዳበሪያ አንጥፋ ከመኪናዋ ሥር በጀርባዋ ተኛች። በመስታወት ተገልብጦ የሚታይ ነገር ማንበብ ሥራዋ ነው። የፊቱን አነበበች። ወደ ኋላው ሄደች። ዞራ በሌላው በኩል ገባች። አራተኛውን ስታነብ ጫማዋ ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ ጫማዋ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም።

ተነስታ መስታወቷን በልብሷ ጠረገች። “አራቱም ወደ ውስጥ ነው የዞሩት” አለች።

“አዎ።”

“ሁለቱ ቢሆኑ አጋጣሚ ነው እል ነበር።”

ያን ጊዜ ነገርኳት። ያዞርኳቸው እኔ መሆኔን፣ ገና ሲራገፍ ማንበቤን፣ ቅባቱን፣ አንቺ ስለ ዕድሜው የጻፍሽው ከመድረሱ በፊት ሁለት ወር ሙሉ አውቄ ጠመኔ ማስመሬን።

“መንዳት አልችልም ይሆናል ስልዎትስ?”

“ያን ጊዜም አውቅ ነበር።”

ነርሷ ቀበቶዋን ፈታ ቀስ ብላ ወረደች። “እኔ እኮ ከጎን ነበር የምቀመጠው” አለች። ሐኪሟ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። የከፈለችኝን ልመልስ ስል “እሱን በኋላ” አለችና ሌላ ነገር አዘዘችኝ። ጎማዎቹን አወልቃለሁ። መኪናዋ ሱቄ በር ላይ በአራት ግንድ ላይ ትቆማለች፤ አዲሶቹ ጎማዎች እስኪመጡ ድረስ። “ምን ሆና ነው?” ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ እውነቱን እነግራለሁ። “እኔ ከፎቅ ሆኜ አልቆጣጠርዎትም። ስንቱ እንደጠየቀዎት፣ ለስንቱ እንደነገሩ እርስዎ ራስዎ ይቁጠሩ” አለችኝ።

አራቱን ጎማ በመጋዝ ለሁለት ለሁለት ቆርጬአቸዋለሁ። የአዲሶቹን ዋጋ እኔ እልክልሻለሁ፤ ከአንቺ በስጦታ አልቀበልም። እናትሽ ደብዳቤሽን አንብብልኝ አለችኝ፤ የመጨረሻውን አላነበብኩላትም። የአንቺን ጥፋት አንቺ ንገሪያት፣ የእኔን እኔ እነግራታለሁ።

ሐኪሟ “ልጅቷ ግን በመጨረሻ ጽፋለች” ብላ ሰላም ብላሻለች። እኔ ግን አንድ ነገር እንድታውቂልኝ ፈለግሁ። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው የአንቺ ስም ነው። የእኔ የወጣው መስታወቱ ከመጣ በኋላ ነው። ከዚህ ወዲያ ማንም ይህን ነገር አሳምሮ ቢነግርሽ፣ እናትሽም ብትሆን፣ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነበር።

መኪናዋ በግንድ ላይ ከቆመች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ከሱቁ ሳልወጣ ትታየኛለች። እንዲህ ያለች መኪና ያለ ጎማ ቆማ ሲያይ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። እስካሁን አሥራ አንድ ሰው ጠይቆኛል። ለዘጠኙ ነግሬአቸዋለሁ።

አጎትሽ